አባቴ የጠረበው የሙሽራ ዝይ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቤተል ሶፋዬ ላይ ተጋድማ የኮሪያ ድራማ ታያለች። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። መቼም ዛሬ የኮሪያ ድራማ የማያይ ሰው የለም፤ ደሴ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንኳ በስልክ ስንገናኝ ጤናዬን ሳትጠይቀኝ ማን ማንን እንዳፈቀረ ትተርክልኛለች።

«እማማ፣ ሉክ፣ እዪማ፣ ሙሽራዋ ፊት ላይ ስቲከር ለጥፈዋል» አለችኝ ቤተል።

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሄድኩ። ሙሽራዋ ዓይኗን ሰብራ ቆማለች። በሁለቱ ጉንጮቿና በግንባሯ መሃል ቀይ ክብ ነገር አለ፤ ራሷ ላይ ትንሽ ጥቁር ዘውድ ደፍታለች። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ዝይ ተቀምጧል።

«ስቲከር አይደለም፣ ቡዳ እንዳይበላት ነው» አልኳት። «ያቺ ዘውድ ጆክዱሪ ትባላለች። ዝዩን ደግሞ ሙሽራው ነው ለእናቷ የሚያመጣው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሀው ዱ ዩ ኖው?»

«አባቴ አንድ ጠርቦ ነበር።»

«ለኮሪያን?»

«ለኮሪያ ሙሽራ።»

ልጅቱ ሳቀችና ወደ ድራማዋ ተመለሰች። እኔ ግን ሽንኩርቱ ጋ ተመልሼ መክተፍ አቃተኝ። ቀልቤ ከቤት ወጥቶ ሄደ፤ ወጡንም ያን ቀን አሳረርኩት።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ የከተማው ባቡር እስከ ዋይትሆርን ሰፈር መምጣት በጀመረ ሰሞን። አባቴና እኔ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከደሴ በሱዳን አድርገን የወጣነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እናቴ ሁለቱን ትንንሽ ወንድሞቼን ይዛ ቀርታለች። «መጀመሪያ እናንተ ሂዱ፣ ቦታ ስትይዙ እንከተላለን» ብላ ነው የሸኘችን። እኔ ደግሞ ቦታ መያዝ ማለት አልጋ መግዛት መስሎኝ፣ ደመወዝ እንዳገኘሁ መጀመሪያ የገዛሁት ሰፊ አልጋ ነው፤ ለሷና ለሱ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት አባቴና ጓደኛው ተሸክመው አመጡት። አባቴ ግን አንድ ቀን አልተኛበትም። ሳሎናችን ውስጥ ባለችው አጭር ሶፋ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ያድራል። «ወገቤን ሶፋው ነው የሚስማማው» ይለኛል። እኔ እሷን እየጠበቀ መስሎኝ፣ ፍቅር ማለት ይሄ ነው እያልኩ ሆዴ ይባባል። በየሳምንቱም አንሶላውን አጥባለሁ፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ።

ያኔ እኔን ያየ ሰው፣ እረፍት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ይላል። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ልጅ ነኝ። ጠዋት ካልጋሪ ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ጽዳት እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፎረስት ሎን ሰፈር አንድ የልብስ መተኮሻና ማስተካከያ ቤት እገባለሁ። አየር ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በሚወጣበት በር አካባቢ ያለውን ወለል ማንም ሳያዘኝ ደጋግሜ እጠርገዋለሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። እናቴ ድንገት ትመጣለች ብዬ አይደለም፤ ስፖንሰር፣ ሜዲካል፣ ቪዛ የሚባል ጣጣ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ልቤ አይሰማኝም። አንድ ጊዜማ ሻርፕ የተከናነበች የህንድ እናት ስትወጣ ሻንጣዋን ልቀበል ሮጬ ሴኩሪቲው ተቆጣኝ። አውቶቡስ መጠበቅም አልችልም ነበር። ከመቆም መሄድ ይሻላል ብዬ በእግሬ ስጀምር፣ አውቶቡሱ በሁለት ፌርማታ መሃል ሲያገኘኝ ጥሎኝ ያልፋል።

በክረምት ደግሞ ቺኑክ የሚሉት ሙቅ ነፋስ አለ፤ ከምዕራብ ከተራሮቹ በኩል ይመጣል። ጠዋት በረዶ የነበረው መንገድ ከሰዓት በኋላ ጅረት ይሆናል። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ሕፃናት ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋጫል። አባቴ ይሄን ነፋስ ባየ ቁጥር «ዘመድሽ መጣ» ይለኝ ነበር።

አባቴን አበሻው ሁሉ ጋሼ ይመር ይለዋል። ደሴ አናጢ ነበር፤ በር፣ ቁም ሣጥን፣ የቄሶች መቋሚያ ይሠራ ነበር። ካልጋሪ ደግሞ የኩሽና ካቢኔ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ገባ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ግን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። ያኔ አበሻው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሽማግሌ የሚሆነው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። «ባሕር ማዶ ላለች ሚስቱ እንዲህ የታመነ ሰው አይተህ ተማር» ይላሉ ሴቶቹ ባሎቻቸውን። ያን ክረምት ግን ሲጠሩት ሰበብ ማብዛት ጀምሯል። አንዴ ሺፍት አለኝ ይላል፣ አንዴ ጉንፋን ይዞኛል ይላል። ልብ አላልኩትም፤ የራሴ ሩጫ ይበቃኝ ነበር።

የልብስ ቤቱ ባለቤት ሚስስ ፓክ የሚባሉ የኮሪያ ሴት ናቸው። አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ዝም ሲሉ በመርፌ፣ ሲናገሩ በምላስ የሚወጉ። እንግሊዝኛቸው ከኔ አይሻልም፤ ስለዚህ ጥሩ አድርገን እንግባባ ነበር። ከኢትዮጵያ ነኝ ያልኳቸው ቀን ፊታቸው በራ፤ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ልጅ ሆነው ወታደሮቻችንን አይተዋል። እዚህ ላይ አባቴም ኮሪያ ዘምቶ ነበር ብዬ ወሬዬን ባሳምረው ደስ ባለኝ። አልዘመተም። ያኔ ደሴ ውስጥ ጣውላ ይልግ ነበር።

ከመተኮሻው ጀርባ ሚስስ ፓክ ኪምቺ የሚሉትን፣ በበርበሬ የተቦካ ጎመናቸውን የሚያስቀምጡበት ማሰሮ ነበር። መጀመሪያ ቀን ሽታው አባረረኝ። ቆይቶ ግን አዋዜ የናፈቀው ሰው ምን ያደርጋል፣ የሳቸውን ጎመን በእንጀራዬ እየጠቀለልኩ መብላት ለመድኩ። እሳቸውም እንጀራውን ቀመሱና «ቂጣችሁ ታሟል፣ ግን ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምሳ አብረን ነው።

ስለ እናቴም ያውቃሉ። ለሷ የገዛሁትን የክረምት ኮት እጅጌ ያሳጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። «ክንዷ ምን ያህላል?» ሲሉኝ የራሴን ዘርግቼ «ከዚህ ትንሽ ያጥራል» አልኳቸው። ከተቆረጠ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያጥር ነበር ወይስ ይረዝም ነበር? የእናትን ክንድ ርዝመት መርሳት እንዲህ እንደሚያስጨንቅ ያልደረሰበት አያውቀውም።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ሚስስ ፓክ ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉና ከሴኡል የመጣ ትልቅ ሳጥን ከፈቱ። አንድያ ልጃቸው ሱንሂ በግንቦት ልታገባ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነጭ ቬሎ ትጋባለች፤ ከዚያ ወደ አዳራሽ ይሄዱና የአገራቸው ሥርዓት ይፈጸማል። ሱንሂ ባንክ የምትሠራ፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ ልጅ ናት፤ ሳጥኑን ስታይ «ይሄን ሁሉ ብለብስ መተንፈስ አልችልም» አለች። እናቷ እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ።

መጀመሪያ ያወጡት ቀይ የሐር ካባ ነው። ጥልፉን ጣታቸውን እያስኬዱ አስረዱኝ። ይሄ ወፍራም አበባ ሀብት ነው፤ ይሄ እግረ ረጅም ወፍ ዕድሜ ነው፤ ከጭቃ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው የውሃ አበባ ደግሞ የልብ ንጽሕና ነው። ቀጥለው ጆክዱሪዋን አወጡ፤ ጥቁር ሐር የለበሰች፣ በዶቃ ያጌጠች፣ በመዳፍ የምትያዝ ዘውድ። «እኛም በተክሊል ስንጋባ ዘውድ እንደፋለን» ስላቸው «ታዲያ የሰው ልጅ የሚነግሠው አንድ ቀን ነው» አሉኝ። ረጅም የፀጉር መሰኪያም አለ፤ እኛ ወሎ ወለባ የምንለው ዓይነት፣ ጫፉ ላይ የወፍ ራስ ያለው። ድሮ ያገባች ሴት ፀጉሯን በሱ ጠቅልላ ትሰካለች፤ ያላገባች ታንጠለጥላለች። ከደረት ላይ የሚወርድ የሐር ዘርፍ ያለው ጌጥም ነበር፤ ክፉ ዓይን ይመልሳል። የጉንጩን ቀይ ነጠብጣብ ነገር ሲጀምሩልኝ «ገባኝ፣ ገባኝ» አልኳቸው። ቡዳ የማይፈራ አገር የለም ለካ።

መጨረሻ ላይ ተምርና ቼስትነት የሚሉትን ፍሬ በትንሽ ከረጢት አወጡ። የባል ወላጆች ወደ ሙሽሪት ቀሚስ ይወረውሩላታል፤ በያዘችው ልክ ትወልዳለች። ተምሩን አይቼ ካርቱም ትዝ አለኝና አንድ ለቅሜ ልበላ ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ።

ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ፊታቸው ጠቆረ። ዝዩ የለም።

ያኔ ነው ስለ ዝዩ የነገሩኝ። የዱር ዝይ አንዴ ከተጣመደ ሌላ አይፈልግም። ስለዚህ ሙሽራው ከእንጨት የተጠረበ ዝይ በጨርቅ ጠቅልሎ ለሙሽሪት እናት ይሰጣል፤ እሷም በቀሚሷ ትቀበለዋለች። እኔም እንደዚህ እታመንላታለሁ ማለቱ ነው። ታዲያ ዝዩን ማንም አይጠርበውም። የሚጠርበው ጤናማ፣ ልጆች የወለደ፣ ሚስቱ በሕይወት ያለች፣ ፍቺ የሚባል ነገር ቤቱ ያልገባ ሰው መሆን አለበት። የሱ ዕድል በእጁ በኩል ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ከእንጨቱ ደግሞ ወደ ሙሽሮቹ ይገባል። በዕድሜውም አንዴ ብቻ ነው የሚጠርበው።

«እኔ ሳገባ ከጦርነቱ በኋላ ነው» አሉኝ ሚስስ ፓክ። «ሁሉም ነገር ጠፍቶ ነበር። ዝዬን ከገበያ ገዙልኝ። ማን እንደጠረበው የሚያውቅ የለም። ሱንሂ በእግሯ ሳትሄድ አባቷ ሞተ።» ክሩን ከመርፌው አወጡና መልሰው አስገቡት። «የተማሩት ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ለልጄ ግን ማን እንደጠረበው የማላውቀውን ዝይ አልቀበልም።»

ካልጋሪ ካሉት ኮሪያውያን እንጨት የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሚስታቸው ሞተውባቸዋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «አባቴ አናጢ ነው» አልኩ። «ሚስቱን የሚወድ፣ ሦስት ልጆች የወለደ፣ በሕይወቱ ሆስፒታል ያልገባ። እንዲያውም አበሻ ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው።» ሚስስ ፓክ መርፌውን አስቀመጡት። «ግን ሚስቱ ሩቅ ናት» አሉ፤ ትንሽ አሰቡና «ድንበር የለየው እንደ መለያየት አይቆጠርም። እኛም እናውቀዋለን» አሉኝ። ሁለት እጄን ያዙኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ።

አባቴ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። «ዝይ? አሁን እኔ ዝይ ምን አውቃለሁ?» አለ። ከዚያ የጠራቢውን ነገር፣ የሚስቱን፣ የትዳሩን ነገርኩት። ሳቁ ቆመ። ሻዩን አስቀመጠ።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ አባዬ።»

«ማን ግቢ አለሽ?»

እኔ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ። ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ እለምነዋለሁ፤ ከሰዓት ስመለስ እለምነዋለሁ። እናት ናቸው አባዬ፣ አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ምን ይሆንብሃል እላለሁ። አንድ ቀን ከፋብሪካው ቁራጭ የሜፕል እንጨት ይዞ መጣና «ልሞክረው እንጂ እሰጣለሁ አላልኩም» አለኝ። እኔ አለቀ ብዬ ለሚስስ ፓክ አበሰርኩ።

ዝዮቹ ያኔ ከደቡብ መመለስ ጀምረው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት «ነይ መልካቸውን እንይ» ብሎኝ ወደ ወንዙ ሄድን። በረዶው ዳር ዳሩን ቀልጧል፤ ዝዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጭቃው ላይ ይንጎራደዳሉ። አባቴ አንገታቸውን፣ የክንፋቸውን አጣጣፍ፣ ምንቃራቸውን በትዕግሥት ያያል። እኔ ብርዱ እግሬን በልቶኝ እዘላለሁ። አንድ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ፈረንጅ ሽማግሌ ቆሙና እነዚህ ዕድሜ ልካቸውን አይለያዩም አሉን። እንደ ልማዴ ተረጎምኩለት፤ የአባቴ እንግሊዝኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ ስለዚህ ሐኪም ቤትም፣ ባንክም፣ ከአከራያችንም ጋር አፉ እኔ ነኝ።

«ክንፍ እያላቸው አለመሄዳቸው ነው የሚገርመው» አለ አባቴ።

ቤዝመንታችን እንጨት እንጨት ሸተተ። መሮው ሲገባ፣ ፍቅፋቂው ጋዜጣ ላይ ሲወርድ ልቤ ትንሽ ይረጋል። አንገቱ ከእንጨቱ ውስጥ ወጣ፤ ደረቱ ሞላ። ብርጭቆ ወረቀት ሲያሽበት እንደ ቅቤ ለሰለሰ። እኔ ግን መቼ ነው የሚደርሰው ማለቴን አልተውም። እሱም ትንሽ ይሠራና ሶፋው ሥር ያስገባዋል። ወይ ደግሞ መሮውን እንደያዘ «ትርንጎ» ይለኛል። «አቤት» ስለው ቆይቶ «ሻይ አለ ወይ?» ይላል። ሻይ አፈላለታለሁ፤ ሳይጠጣው ይቀዘቅዛል። ሌላ ቀንም «ትርንጎ» ይላል፤ «ስኳር አብዝተሻል» ይላል። እርጅና መጣ መሰለኝ እያልኩ በልቤ እስቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የኔ ሆድ ግን ያኔም ማወቁን እንጃ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ቺኑክ ተነሣ። መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው፣ የሱቁን በር ነፋሱ ይከፍተዋል፣ የተንጠለጠለው ልብስ ይወዛወዛል። ካውያውን ይዤ አንድ ሸሚዝ ላይ ስበሳጭ አባቴ ገባ። የደሴ ኮቱን ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፣ በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። እንደሚመጣ አልነገረኝም ነበር።

ሚስስ ፓክ ጎንበስ ብለው ተቀበሉት። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያማረ አልመሰለኝም ነበር። ዝዩ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ክንፉን ሰብስቦ ተቀምጧል። ሚስስ ፓክ በሁለት እጃቸው አነሡት፣ ጀርባውን ዳሰሱት፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለዝዩ መጠቅለያ ያዘጋጁትን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ከመሳቢያ አውጥተው አጠገቡ ዘረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አባቴን በእንግሊዝኛ ጠየቁት፤ የሙሽሪት እናት ከራሱ አፍ መስማት አለባት መሰለኝ። ሚስትህ ደህና ናት? በሰላም ናችሁ?

እኔ አባቴን አልጠበቅሁም። «የስ፣ የስ፣ ሺ ኢዝ ፋይን» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለኝ አባቴ።

«ስለ እማዬ ጠየቁ። ደህና ናት አልኳቸው።»

«እንደሱ አይደለም በያቸው።»

«እንዴት?»

አባቴ እኔን አላየኝም። ሚስስ ፓክን ነው የሚያየው፤ ክራቫቱን በጣቱ ይዟል። «ሚስቴ ሌላ ሰው አግብታለች በያቸው። አትመጣም። ይሄ ዝይ ለልጃቸው አይሆንም፤ ዝም ብዬ ብሰጥ ግፍ ይሆንብኛል በያቸው።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ነበር፤ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ፣ እጄ ግን አላነሣውም አለ። ሚስስ ፓክ ተሻግረው አነሡት። «ምን አለ?» አሉኝ፣ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያዩ።

«አባዬ» አልኩ።

«ተርጉሚላቸው ልጄ።»

እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ቃል ስፈልግ፣ ሌላ ስፈልግ ቆየሁ። «ማይ ማዘር» አልኩ። ሚስቱ ማለት ነበረብኝ፤ እናቴ ብዬ ጀመርኩት። «ማይ ማዘር ማሪድ አናዘር ማን። ሺ ኢዝ ኖት ካሚንግ።» የቀረውን፣ የግፉን ነገር፣ እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ብቻ ገብቷቸዋል።

 ሚስስ ፓክ ዝዩን በቀዩና በሰማያዊው ጨርቅ በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ በሁለት እጃቸው ለአባቴ መለሱለት፣ ከወገባቸው እጥፍ ብለው እጅ ነሡት። እንደዚያ ዝቅ ብለው ለማንም ሲያደርጉ አላየሁም። «አመሰግናለሁ በይልኝ» አሉኝ። «ዝም ብሎ ቢሰጠኝ እኔ ምን አውቅ ነበር።» ይሄንንም ተረጎምኩ። ከዚያ ለኔ ወንበር ሳቡልኝ፤ አልተቀመጥኩም፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

አባቴ ከኋላዬ ነው። ነፋሱ ኮቱን ያርገበግበዋል፣ ዝዩን በብብቱ ይዟል፣ በውሃው ውስጥ ጫማው ይንቦጫረቃል። እኔ ወደ ቤት ይሁን ወደ ሌላ ሳላውቅ ነው የምሄደው። አውቶቡስ አጠገባችን ቆመልን፤ አልፌው ሄድኩ።

«መቼ ነው?» አልኩት ሳልዞር።

«መስከረም ላይ። ከደሴ መጥቶ ኤድመንተን የሚኖር ሰው ነገረኝ። ደውዬ ራሷን ጠየቅኋት፤ አልካደችም።»

«መስከረም ሰምተህ እስከ ዛሬ?»

«አንቺ ያን አልጋ ስታነጥፊ እያየሁ በየት በኩል ልጀምረው?»

ያኔ ዞርኩ። የዚያን ቀን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም። «ለባዕድ ሴት ስትናገር አላፈርክም፣ ለኔ ነው የከበደህ?» አልኩት። መንገድ ላይ ጮህኩበት፤ በደሴ ሥርዓት አባት ላይ እንዲህ አይጮኽም። አባቴም አልተቆጣኝም።

«ለሳቸው የነገርኩ መሰለሽ እንዴ?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ ልሰማው አልፈለግሁም። አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ እቤት ስንደርስ አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፍፌ ጣልኩት። ዝዩን አባቴ ለአከራያችን ልጅ ሰጠው፤ ልጁ ገላውን ሲታጠብ ገንዳ ውስጥ ያንሳፍፈው ነበር ሲሉ ሰማሁ።

ለእናቴ የደወልኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ስልኩ የጎረቤት ነው፤ ተጠርታ ትመጣለች። «ትርንጎዬ፣ መጠበቅ ደከመኝ» አለችኝ። «አገሬን ጥዬ መውጣት ሆዴ እንቢ አለ። አባትሽ አልበደለኝም፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪው።» እኔ «ኮት ገዝቼልሽ ነበር» አልኳት። «ምን ዓይነት ቀለም?» አለች። «ቡኒ» ስላት «ቡኒ ደስ ይለኛል» አለችና ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

ሱንሂ በግንቦት ተዳረች። ዝዩ ቶሮንቶ ካሉ ዘመዶቻቸው መጣ፤ ጠራቢው ሽማግሌ አሁንም ከሚስታቸው ጋር እንደሚኖሩ ሚስስ ፓክ በስልክ አጣርተዋል። እኔም ሄድኩ። ቀዩን ነጠብጣብ ጉንጯ ላይ ሲያደርጉላት ጨርቁን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ተምሩና ቼስትነቱ ሲወረወር ግማሹ ከቀሚሷ ውጪ ፈሰሰ፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። አየር ማረፊያው ውስጥ ሥራዬን አልተውኩም። በሩ ሲከፈት ግን ቀና ማለቴን ትቻለሁ፤ ወለሉን አንዴ ጠርጌ እሄዳለሁ።

አባቴ ሌላ ሳያገባ እዚሁ ካልጋሪ አረፈ፤ እናቴም ከጥቂት ዓመት በኋላ ደሴ። እኔ ያን ቅዳሜ ይዤበት ብዙ ዓመት ተቀይሜው ኖርኩ። ቤታችን አስቀምጦ፣ እጄን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ሊነግረኝ ይገባ ነበር እያልኩ። አሁን እኔም ልጅ አሳድጌ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ በልጆቼ ደጅ መቆም ምን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ሳስበው፣ ቤት አስቀምጦ ቢነግረኝ ኖሮ ውሸት ነው እለው ነበር። አልሰማሁም እል ነበር። አንሶላ ማጠቤንም አልተውም። እሱ ልጁን ያውቃል። ያን ቀን ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ በገዛ አንደበቴ። ሰው የራሱን አፍ እንዴት ብሎ ውሸታም ይለዋል?